ከስትሮክ በኋላ የዛለች እጅ ወደ ሥራዋ ስለምትመለስበት መንገድ

ለሰው ከተሰጡት የአካል ክፍሎች ውስጥ እንደ እጅ ያለ ታዛዥ አገልጋይ አይገኝም። ገበሬው እርፍ ጨብጦ የሚያርሰው፣ ጸሐፊው ብዕር ይዞ የሚጽፈው፣ ካህኑ መስቀል አንሥቶ የሚባርከው፣ እናትም ልጇን አቅፋ የምታሳድገው በእጅ ነው። ይህ አገልጋይ ከጧት እስከ ማታ ያለ ማጕረምረም ስለሚታዘዝ፣ ጌታው ትእዛዙ ከወዴት ተነሥቶ በምን መንገድ ወደ ጣቶቹ እንደሚደርስ መርምሮ አያውቅም። የሚመረምረውም ትእዛዙ የተቋረጠ ዕለት ነው፤ ይኸውም ከመኝታው ሲነሣ አንደኛዋ እጁ ከጎኑ እንደ እንጨት ተጋድማ፣ ነይ ሲላት የማትመጣ፣ ያዢ ሲላት የማትይዝ የሆነች እንደ ሆነ ነው።

ይህ ሕመም በሐኪሞች ዘንድ ስትሮክ ይባላል። አንጎልን የሚመግበው የደም ሥር በረጋ ደም ሲደፈን ወይም ፈንድቶ ደሙ ሲፈስ፣ በዚያ ሥር ይመገብ የነበረው የአንጎል ክፍል በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መሞት ይጀምራል። የአንጎል ግራ ወገን የሰውነትን ቀኝ፣ ቀኝ ወገኑም ግራውን ስለሚያዝ፣ በግራ በኩል የተመታ ሰው ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ይዝላሉ፤ ብዙ ጊዜም አንደበቱ ይታሰራል። ከምክንያቶቹ ሁሉ ዋነኛው የደም ግፊት ከልኩ ማለፉ ነው፤ ይህም ደዌ ምንም ሳያሳምም ለብዙ ዓመት በሰውነት ውስጥ ተደብቆ ሊኖር ይችላል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. በዓለም ላይ 12 ሚሊዮን ያህል ሰው አዲስ በዚህ ሕመም እንደ ተመታ፣ ቀድሞ ተመትቶ በሕይወት የሚኖረውም ከ100 ሚሊዮን እንደሚበልጥ ሊቃውንት ገምተዋል። ሕመሙ በድሮ ጊዜ የባለጸጎች አገር ደዌ ይባል ነበር፤ ዛሬ ግን በእርሱ ከሚሞቱትና አካላቸው ከሚጎድለው ሰዎች የሚበዙት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑት አገሮች የሚኖሩ ናቸው።

የወላይታ ዞን ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ ሊሆን ይችላል። ዋና ከተማው ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች፣ ከሻሸመኔ፣ ከሆሳዕናና ከአርባ ምንጭ የሚመጡት መንገዶች የሚገናኙባት ስትሆን፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮም የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መንግሥት መቀመጫ ሆናለች። የዘመናዊ ሕክምናም ታሪኳ የትናንት አይደለም፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1928 ዓ.ም. ዶክተር ቶማስ ላምቢ የመሩት የሚስዮን ጓድ ወደ ወላይታ ከገባበት ጊዜ ይነሣል። ቀድሞ በኦቶና ስም ይታወቅ የነበረው ሆስፒታል ዛሬ በ1999 ዓ.ም. በተመሠረተው በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ሕሙማንን ሲያክምና ሐኪሞችን ሲያስተምር፣ በዚያው በከተማው የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታልም ሥራውን ይሠራል። ከአረካና ከቦዲቲ፣ ከበሌና ከገሱባ፣ እንዲሁም ከዞኑ ውጭ ካሉት አገሮች ሳይቀር ሕመምተኛ ወደ ሶዶ ይመጣል።

በስትሮክ የተመታ ሰው ወደ ሆስፒታል ሲደርስ የመጀመሪያው ሥራ ነፍሱን ማዳን ነው። የደም ግፊቱ ይለካል፤ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ መዋጥ መቻሉና አለመቻሉ ይመረመራል። እግዚአብሔር ረድቶት ከሞት ካመለጠ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ በሰው ትከሻ ተደግፎ ይነሣል፤ ከጥቂት ሳምንትም በኋላ እግሩን እየጎተተ በግቢው ውስጥ ይሄዳል። ቤተ ዘመድም «ተነሣልን» ብሎ ደስ ይለዋል፤ ደስታውም የሚገባ ነው። ነገር ግን እጅ ከዚህ ደስታ ውጭ ትቀራለች። እግሩ ሲመለስ እጁ አለመመለሷን ያዩ ሰዎች «ይህችስ ሞታለች» ብለው ይፈርዱባታል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮም የሚጠይቃት የለም። ይህ ፍርድ ችኩል ነው፤ በብዙ ሕሙማንም ላይ ሐሰት ሆኖ ተገኝቶአል።

እግር ከእጅ ቀድማ የምትመለስበት ምክንያት አለ። ለመራመድ የደነደነች እግር እንኳ እንደ ምሰሶ ሆና ትደግፋለች፤ ሰውም በሁለቱ እግሮቹ ካልሆነ በቀር መሄድ ስለማይችል፣ የታመመችው እግር ወደደችም ጠላችም በየቀኑ ትሠራለች። እጅ ግን እንዲህ አይደለችም። መርፌ ለማንሣትና ቍልፍ ለመቈለፍ ጣቶች እያንዳንዳቸው ለየብቻ መታዘዝ አለባቸው፤ ለዚህም ሥራ የተመደበው የአንጎል ስፍራ ሰፊ ነው። ከዚህም በላይ የታመመችው እጅ ጤነኛ እኅት አለቻት። ቀኝ እጅ ብትዝል ግራ እጅ ጽዋ ታነሣለች፣ በር ትከፍታለች፣ ታጎርሳለች፤ ስለዚህ ሰውየው ሳያስበው የታመመችውን ይተዋታል። አንጎልም የማይጠቀሙበትን እየረሳ ይሄዳል።

ይህን ነገር በግልጥ ካሳዩት ሊቃውንት አንዱ ኤድዋርድ ታውብ የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና መምህር ናቸው። እኚህ ሰው በዝንጀሮዎች ላይ ባደረጉት ምርመራ፣ የአንዲቱ ክንድ የስሜት ጅማት የተቈረጠበት ዝንጀሮ በዚያች ክንድ መጠቀም እንደሚተው አዩ። ነገር ግን ጤነኛይቱ ክንድ ለጥቂት ቀን ስትታሰርበት፣ እንስሳው በተተወችው ክንድ ምግቡን ማንሣት ጀመረ። እንግዲህ ክንዲቱ ሥራ ያቆመችው ፈጽማ ስላልቻለች ብቻ አልነበረም፤ በመጀመሪያው ቀን ሞክራ ስላቃታት፣ ከዚያም በኋላ መሞከሯን ስለ ተወች ነበር። ታውብም ይህን «የተለመደ አለመጠቀም» ብለው ሰየሙት። በሰው ላይ የሚሆነውም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

በወላይታ የእጅ መዝለል ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ለመረዳት የአገሩን ኑሮ ማየት ይበቃል። መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ ስለ ሆነ፣ ገበሬው ከቤቱ አጠገብ ያለችውን ማሳ በእጁ እየቈፈረ ይኖራል። የቤቱም ምሰሶ እንሰት ነው፤ እንሰቱን የምትፍቅ ሴት አንድ እጇ ግንዱን ስትይዝ ሌላይቱ እጇ ፍቂያውን ወደ ታች ትስባለች፤ ቆጮውን ስትጨምቅም፣ ስትከትፍም፣ ቃጫውንም ስታወጣ ሁለት እጅ ያስፈልጋታል። እንዲህ ባለ ቤት የእናቲቱ ቀኝ እጅ ብትዝል፣ ሥራው ወደ ሴት ልጇ ይዞራል፤ ልጂቱም ከትምህርት ቤት ልትቀር ትችላለች። ስለዚህ የአንዲት እጅ ነገር የሐኪም ቤት ጕዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ቤተ ዘመድ በፍቅር ብዛት የሚያደርገው ነገር እጅን የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ሕመምተኛውን ያጎርሱታል፤ ያለብሱታል፤ ውኃ ሲጠማው ጽዋውን ከከንፈሩ ያደርሱለታል። ይህ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ደግ ነው፤ ወር አልፎ ሲቀጥል ግን እጅን ያለ ሥራ ማስቀመጥ ይሆናል። ሌሎችም እጂቱን በጨርቅ አጥብቀው በደረቱ ላይ ያስሩበታል፤ የታሰረች እጅ ግን ትደነድናለች፤ ጣቶቿም ወደ መዳፏ ይታጠፋሉ። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ሕመምተኛውን ከመኝታው ለማንሣት የዛለችውን ክንድ ይዞ መሳብ ነው። የትከሻው ሥጋ ሲዝል የክንዱ አጥንት ከማቀፊያው ዝቅ ስለሚል፣ እንዲህ ያለ መሳብ ትከሻውን ይጎዳል፤ ትከሻው የታመመበት ሰውም ሕመሙን ፈርቶ እጁን ማንቀሳቀስ ይተዋል። የሚያነሣው ሰው ከብብቱ በታች ጎኑን ወይም ወገቡን ይዞ ሊደግፈው፣ በተቀመጠና በተኛ ጊዜም ክንዱ ተንጠልጥላ እንዳትቀር በትራስ ወይም በታጠፈ ጋቢ ላይ ሊያሳርፍለት ይገባል።

ስለ ወጌሻም አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። በቅቤ ማሸት ለተጨነቀ ሰው ማጽናኛ ነው፤ ለስላሳ ከሆነም አይከለከልም። ይሁን እንጂ የሚታሸው ሥጋ ነው፤ የተጎዳው ግን አንጎል ነው። ሌላ ሰው እጁን ሲያንቀሳቅስለት መገጣጠሚያው እንዳይደነድን ይረዳዋል እንጂ፣ አንጎሉ ትእዛዝ መስጠትን አይማርም። ትምህርቱ የሚገኘው ሕመምተኛው ራሱ «ተዘርጊ» ብሎ ሲያዝዝ፣ እጂቱም በጥቂቱ ስትታዘዝ፣ ያችኑ ጥቂት ደግሞ ደጋግሞ ሲሻት ነው። በጽሕፈት ቤት ፊደልን የሚማር ሕፃን መምህሩ እጁን ይዞ ቢጽፍለት ብቻ ጽሕፈት እንደማያውቅ፣ ይህም እንዲሁ ነው።

ሐኪም የእጂቱን ተስፋ አስቀድሞ የሚመለከትበት ምልክትም አለ። በኆላንድ አገር በተደረገና እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. በታተመ ምርመራ፣ በ3 ቀን ውስጥ ጣቶቹን ጥቂት መዘርጋትና ክንዱን ከጎኑ ጥቂት ማራቅ የቻለ ሕመምተኛ፣ በ6 ወር ውስጥ የእጅ ሥራ በመጠኑ የመመለሱ ዕድል ከመቶ 98 ሆኖ ተገኘ። ሁለቱንም ያልቻለ ግን ዕድሉ ከመቶ 25 ነበር። ይህ ምልክት ዕቃም ገንዘብም አይጠይቅም፤ ሕመምተኛው ተቀምጦ «ጣትህን ዘርጋ፣ ክንድህን አንሣ» ማለት ይበቃል። በሦስተኛው ቀን የታየው በሕመምተኛው መዝገብ ላይ ቢጻፍ፣ ለኋለኛው ሥራ ሁሉ መሠረት ይሆናል። ከመቶ 25 ማለትም ከአራት አንድ ሰው ማለት ስለ ሆነ፣ ሁለተኛውንም ወገን ተስፋ የለውም ብሎ መተው አይገባም።

ሥራውን በቶሎ መጀመር መልካም ነው፤ ነገር ግን ለችኰላም ልክ አለው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2015 ዓ.ም. ውጤቱ በተገለጠው፣ 2104 ሰዎች በገቡበት ምርመራ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከአልጋ እየተነሡ ብዙ እንዲንቀሳቀሱ የተደረጉት ሕሙማን ከሌሎቹ ይልቅ ውጤታቸው አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ዕረፍትና መልካም አቀማመጥ፣ ከዚያም በኋላ በሐኪሙ ፈቃድ ጥቂት በጥቂት መጨመር ይሻላል። አንጎል ለመማር ይልቁንም ክፍት የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው፤ እነዚህ ወራት ሕመምተኛው በቤቱ ጥግ ተቀምጦ የሚያልፉ ከሆነ ግን የማይገኝ ጊዜ ባክኖ ይቀራል።

እንግዲህ የሕክምናው ዋና ነገር አንድ ነው፤ ዓላማ ያለውን ሥራ ደጋግሞ መሥራት። ክንድን ወደ ላይና ወደ ታች በከንቱ ከማወዛወዝ ይልቅ፣ ጽዋ አንሥቶ ወደ አፍ ማድረስ ይበልጣል፤ አንጎል ሥራን በሥራነቱ ያውቃልና። ስለ ድግግሞሹ ብዛት በአሜሪካና በካናዳ የእጅ ልምምድ የሚሰጥባቸውን ክፍሎች የተመለከቱ ሊቃውንት፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፣ ሕመምተኛው በአንድ የሕክምና ጊዜ ዓላማ ያለውን የእጅ ሥራ የሚደጋግመው በአማካይ 32 ጊዜ ያህል ብቻ እንደ ሆነ አስረድተዋል። በእንስሳት ላይ የተደረገው ምርመራ ግን አንጎል የተለወጠው በቀን በመቶ በሚቈጠር ድግግሞሽ ነው። እዚህ ላይ ሳይነገር የማይታለፍ ነገር ቢኖር፣ ቍጥር ብቻውን ጌታ አለመሆኑ ነው፤ ሕመሙ በቈየባቸው ሰዎች ላይ ድግግሞሹን በሺህ ቢጨምሩት ጥቅሙ በዚያው ልክ እንዳልጨመረ በ2016 በታተመ ምርመራ ታይቶአል። ይሁን እንጂ በሀብታሙ አገር እንኳ ሠላሳ ሁለት ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ በወላይታ በቤቱ የተቀመጠ ሰው ከዚህ የሚበልጥ እንዳይሠራ የሚከለክለው ምን አለ?

ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ በቤቱ አለ። ባቄላ 100 ፍሬ ቈጥሮ በአንድ ሰፌድ ላይ አኑሮ፣ በታመመችው እጅ አንድ አንዱን እያነሡ ወደ ሌላው ማዛወር፣ ልምምድም ሒሳብም ነው፤ ጧት፣ ቀትርና ማታ ያደረገው ሰው 300 ጊዜ ጨበጠ፣ 300 ጊዜም ለቀቀ ማለት ነው። መጨበጥ ቀላል ሲሆን መልቀቅ ይከብዳልና፣ መልቀቁን ማስተዋል ይገባል። ባቄላው ትንሽ ሆኖ ካስቸገረ በድንች ወይም በበቆሎ ራስ ይጀመራል። በወላይታ ጎረቤት ተሰብስቦ የሚጠጣው፣ ከቡና ቅጠልና ከቅመም የሚፈላው መጠጥ በቅል ሲቀርብ፣ ሕመምተኛው መጀመሪያ ባዶውን ቅል፣ ቀጥሎም ለብ ያለ ውኃ ጥቂት የተጨመረበትን በታመመችው እጁ ወደ አፉ ሊያደርስ ይለማመዳል። (በዚህ መጠጥ ውስጥ የሚገባው ጨው ግን የደም ግፊት ላለበት ሰው እንዲቀነስለት ያስፈልጋል።) ነጠላ ማጠፍ፣ ገበታ መወልወል፣ የቃጫ ገመድ ማክረር፣ ከልጅ ጋር ኳስ መቀባበል፣ እነዚህ ሁሉ መድኃኒት ናቸው። ሥራው ጥቂት ሊያስቸግር ይገባዋል፤ ፈጽሞ ከማይቻለው እየጀመሩ ተስፋ መቍረጥ ግን አይገባም።

ጣቶቹና የእጁ አንጓ በጥቂቱ መዘርጋት ለጀመሩለት ሰው ከዚህ የጠነከረ መንገድ አለ። ታውብ ከዝንጀሮዎቹ የተማሩትን ወደ ሰው አምጥተው ጤነኛይቱን እጅ በጓንት የመከልከልን ሕክምና መሠረቱ። ይህም በአሜሪካ በ222 ሰዎች ላይ ተመርምሮ ውጤቱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2006 ዓ.ም. ታተመ። ሰዎቹ ከታመሙ ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸው ነበሩ፤ ለ2 ሳምንት ከሚነቁበት ሰዓት ከመቶ 90 በሚሆነው ጊዜ ጤነኛ እጃቸው በጓንት ተሸፍና፣ በቀን እስከ 6 ሰዓት በታመመችው እጅ ሲሠሩ ሰነበቱ። የእጃቸው ችሎታ ይህን ካላገኙት ሰዎች በልጦ ተገኘ፤ ጥቅሙም ከአንድ ዓመት በኋላ አልጠፋም። በቤት ለሚደረገው 6 ሰዓት የሚከብድ ቢሆን፣ በቀን አንድ ሁለት ሰዓት ጤነኛይቱን እጅ በወፍራም ካልሲ ሸፍኖ መለማመድ ይቻላል። ነገር ግን ሲሄድ እንዳይወድቅ፣ በእሳትና በፈላ ውኃም አጠገብ እንዳይቃጠል፣ ልምምዱ ተቀምጦና ሰው ባለበት ይሁን። እጁ ፈጽማ ለማትነቃነቅ ሰው ግን ይህ መንገድ ማሠቃየት ብቻ ነው።

ለእነዚህ የሚሆን ሌላ ብልሃት ከመስተዋት ተገኝቶአል። ራማቻንድራን የተባሉ ሊቅ፣ እጃቸው የተቈረጠ ሰዎች በሌለች እጃቸው የሚሰማቸውን ሕመም ለማስታገሥ መስተዋት ይጠቀሙ ነበር፤ ከዚያም እርሳቸውና ባልንጀሮቻቸው በ1999 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በስትሮክ በተመቱ 9 ሰዎች ላይ ሞከሩት። ሕመምተኛው መስተዋቱን በደረቱ ፊት በገበታ ላይ ወደ ጎን አቁሞ፣ የታመመችውን እጅ ከጀርባው ይደብቃታል፤ ጤነኛይቱን በመስተዋቱ ፊት ያንቀሳቅሳታል፤ በመስተዋቱም ሲመለከት የታመመችው እጅ ራሷ የምትንቀሳቀስ ይመስለዋል። ለማያውቀው ሰው የልጆች ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን እስከ 2018 የተደረጉ 62 ምርመራዎች ተሰብስበው ሲመዘኑ፣ ከሌላው ልምምድ ጋር ሲጨመር የእጅን እንቅስቃሴ እንደሚያሻሽል ተረጋግጦአል። የሚያስፈልገውም በገበያ የሚሸጥ አንድ የግድግዳ መስተዋትና በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ትዕግሥት ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ይህ ሁሉ የድኾች መላ ነው፤ በውጭ አገር መኪና የሚያደርገውን በባቄላ ማድረግ አይቻልም» ይሉ ይሆናል። በእውነቱ ክንድን የሚያንቀሳቅሱ ሮቦት የተባሉ መኪናዎች ተሠርተዋል። በብሪታንያ 770 ሕሙማን ገብተውበት ውጤቱ በ2019 በታተመው ምርመራ ግን፣ በመኪናው የተለማመዱት ሰዎች በተለመደው ሕክምና ከቈዩት ይልቅ በእጅ ሥራ ብልጫ አላገኙም። በ2021ም ከአንገት ወደ አንጎል የሚሄደውን ጅማት በኤሌክትሪክ እያነቃቁ ማለማመድ እንደሚጠቅም ታይቶአል፤ ይህ ግን ቀዶ ሕክምናና ብዙ ወጪ ይፈልጋል፤ ያውም በልምምዱ ላይ ይጨመራል እንጂ በልምምዱ ፋንታ አይገባም። ስለዚህ መኪና የለም ተብሎ ሕመምተኛን ያለ ልምምድ መስደድ ምክንያት አይሆንም።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ባለሥልጣኖች ሊጠነቀቁበት የሚገባ ሌላ ስሕተት አለ፤ ይኸውም «ሥራው በቤት የሚሠራ ከሆነ ለቤተ ዘመዱ እንተውለት» የማለት ነው። ይህ በሕንድ አገር በ14 ሆስፒታሎች፣ በ1250 ሕሙማን ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2017 ወጣ። ዘመዶች በሆስፒታል ውስጥ ተምረው ልምምዱን በቤት ቀጠሉ፤ ከ6 ወር በኋላ ግን በሞትና የሰው ርዳታ በመፈለግ በኩል ከሌሎቹ ጋር ልዩነት አልተገኘም። ዘመድ ፍቅር አለው፤ ሥራም አለበት፤ ልምምዱ የሚከብድበትንና የሚቀየርበትን ጊዜ ለይቶ የሚያውቅ ግን የተማረ ሰው ነው። ባቄላውን ለመቍጠር ሕፃን ልጅ ይበቃል፤ ከባቄላ ወደ ቅል፣ ከቅል ወደ ገመድ መቼ እንደሚታለፍ ለመፍረድ ግን የእጅን ጠባይ ያጠና ባለሙያ ያስፈልጋል።

ይህ ባለሙያ ፊዚዮቴራፒስት ይባላል። ሙያው በኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም፤ በዲግሪ ደረጃ ማስተማርን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ ጀምሮታል። ከዚያም በፊት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1965 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት፣ በሥጋ ደዌ ጅማታቸው የተጎዳባቸውን ሰዎች እጅ በቀዶ ሕክምናና በልምምድ እየመለሰ፣ ተጣጥፈው የነበሩ ጣቶች ማንኪያና መዶሻ እንዲይዙ ያደርግ ነበር። የሥጋ ደዌ ጉዳት በእጅ ጅማት፣ የስትሮክ ጉዳት በአንጎል መሆኑ ልዩነት ነው፤ ነገር ግን እጅ በትዕግሥት እንደምትለማ አገሪቱ ከዚያ ጊዜ ጀምራ አይታለች። የዓለም ጤና ጉባኤም በግንቦት 2023 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ አካልን መልሶ የማልማት ሥራ በየአገሩ የጤና አገልግሎት ውስጥ እንዲገባ ውሳኔ አሳልፎአል። ውሳኔው በወረቀት ላይ ይቀራል ወይስ በሥራ ይገለጣል የሚለው በየዞኑ በጀት የሚታይ ነው፤ ለአንድ የኤክስሬይ መኪና ገንዘብ የሚፈልግ ጽሕፈት ቤት፣ ለአንድ ፊዚዮቴራፒስት ደመወዝም እንዲሁ ሊፈልግ ይገባዋል።

ከበሌ ወይም ከሁምቦ ገጠር ያለ ሕመምተኛ በሳምንት ሦስት ጊዜ ወደ ሶዶ ይመላለስ ቢባል ግን አይሆንለትም፤ የመኪና ኪራዩ፣ የሚደግፈው ሰው፣ የሚታጎለውም የእርሻ ቀን አለ። ነገር ግን ይህ ሰው የደም ግፊቱን ለማስለካትና መድኃኒቱን ለመውሰድ በየጊዜው ወደ ጤና ጣቢያ መምጣቱ አይቀርም። ያን ቀን ክንዱን የሚለካው ነርስ እጁንም ቢያይለት፣ «ስንት ባቄላ አዛወርህ? ጣትህ ምን ያህል ተዘረጋ?» ብሎ ጠይቆ በካርዱ ላይ ቢጽፍለት፣ አዲስ ሕንፃም አዲስ መኪናም አያስፈልግም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየቀበሌው የተመደቡት ሴቶች እናቶችንና ሕፃናትን ለመጠየቅ ወደ ቤት ይገባሉ፤ ትከሻው የሚሳብበትን፣ እጁም የታሰረችበትን ሕመምተኛ ቀድመው ሊያዩ የሚችሉት እነርሱ ናቸው። የሶዶው ባለሙያ ነርሶቹንና እነዚህን ሴቶች ቢያስተምር፣ አንድ ሰው የብዙ ሰው ያህል ይሠራል። የሕንዱ ምርመራ የጎደለው ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ዘመዱን ያስተማረው ሰው ከወር ወር ተመልሶ የሚያርምበት የጸና መንገድ።

በአብያተ ክርስቲያናት የሚያገለግሉትም በዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። ሕዝቡ ከሐኪም ቀድሞ ወደ እነርሱ ይሄዳልና፣ ጸሎትና ጸበል የሚሻ ሕመምተኛ መድኃኒቱንና ልምምዱን እንዳይተው ቢመክሩት ቃላቸው ይሰማል። ዳግመኛም በአገሩ ልማድ በቀኝ እጅ ይበላል፣ በቀኝ እጅ ይማተባል፣ በቀኝ እጅ ሰላምታ ይሰጣል፤ ቀኝ እጁ የዛለችበት ሰው በግራው ሲጎርስ ሰው እንዳያየው እያፈረ ከማዕድና ከጉባኤ ይርቃል። ከታመሙት ከሦስቱ አንዱን ያህል በኋላ የልብ ሐዘን እንደሚይዘው ሐኪሞች ይናገራሉ፤ ያዘነ ሰውም ባቄላ አይቈጥርም። እንዲህ ያለውን ሰው ሄዶ የጠየቀ፣ በማኅበር ቀን ከአጠገቡ ያስቀመጠና በግራ እጁ የዘረጋውን ሰላምታ በደስታ የተቀበለ ካህን ከፊዚዮቴራፒስቱ ያላነሰ ረዳ። በስትሮክ የተመታ ደብተራ ቢኖርም ጸናጽሉን ከሣጥን ማውጣት መልካም ነው፤ እርሱን መጨበጥ፣ ማንሣትና በዜማው ልክ ማወዛወዝ ለዓመታት ያወቀው ሥራ ስለ ሆነ፣ እጁ ከባቄላው ይልቅ ለዚህ ልትታዘዝ ትችላለች።

ሁሉ ነገር ተደርጎ እጃቸው የማትመለስላቸው ሰዎች መኖራቸው ግን ሊሸሸግ አይገባም። ለእነርሱ የሚደረገው ሥራ ሌላ ነው፤ መዳፋቸው እንዳይቈስል በየቀኑ ጣቶቹን በቀስታ ዘርግቶ ማጠብና ማድረቅ፣ ጥፍራቸውን መቍረጥ፣ ትከሻቸውን ማሳረፍ፣ በአንድ እጅ መልበስንና መብላትን ማስተማር። የታመመችውም እጅ መጨበጥ ባትችል፣ ወረቀት ወይም እንጀራ እንዳይንሸራተት ተጭና በመያዝ ጤነኛይቱን ልትረዳ ትችላለች።

ስለ ጊዜም ብዙ ሰዎች «6 ወር ካለፈ በኋላ ከንቱ ነው» ሲሉ ይሰማሉ። ፈጣኑ መሻሻል በመጀመሪያዎቹ ወራት መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን በሩ በዚያች ቀን አይዘጋም። ታውብ በጓንት ካለማመዷቸው ሰዎች መካከል ከታመሙ ዓመታት ያለፉባቸው ነበሩ፤ እነርሱም የተዉአትን እጅ እንደ ገና ወደ ሥራ መልሰዋታል። ስለዚህ በዳሞታ ዙሪያ ባሉት ቀበሌዎች ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት ተመትተው፣ እጃቸው በጋቢያቸው ውስጥ ተሸሽጋ የሚኖሩት ሰዎች፣ ለደም ግፊት መድኃኒታቸው ወደ ጤና ጣቢያ በሚመጡበት ቀን ጣታቸውን ይዘረጉ እንደ ሆነ ቢጠየቁ ጊዜው አላለፈም።